ከአራቱ አንዱን ምረጪ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8፣ 2013። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሦስቱን ጨርሻለሁ። አራተኛው ይቀራል። የመሣሪያ ዘይቱ አልቋል፤ ሽማግሌው የስፌት መኪና ዘይት ተጠቀሚ አለኝ። ተጠቀምኩ። (ከዛሬ ጀምሮ ሽማግሌውን ሽ/ው ብዬ ነው የምጽፈው። ጣቴን ያመኛል፣ ረጅም ቃል ያደክመኛል። አንተ ደብተር ነህ፣ ይገባሃል።)

በወር አንድ ሐሙስ የሽጉጥ ቀን ነው። የቤት ሠራተኛው ከሆንኩ ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ። ሮዘተንቪል ሰፈር፣ የሽ/ው ቤት መመገቢያ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ አንሶላ። አራቱ በተራ ይፈታሉ፣ በጥርስ ብሩሽ ይታሻሉ፣ ይቀባሉ፣ ይገጠማሉ። መልካቸው አንድ ነው። ስድስት ጎራሽ፣ ረጅም አፈሙዝ፣ የእንጨት እጀታ፣ ጥይት የሚሞላበት ከበሮ ዙሪያ የተቀረጹ ትንንሽ መርከቦች። ቀለህ ያለው ጥይት አይጎርሱም፤ ባሩድና እርሳስ በእጅ ይጠቀጠቅባቸዋል። ከኋላ ያለችውን ምላስ በአውራ ጣት ካልሳቧት አይተኩሱም። ለእያንዳንዱ ተኩስ አንድ መሳብ። ይህ ለችኩል ሰው አልተሠራም ይላል ሽ/ው። እሱ ራሱ ሾርባ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አይችልም።

አንዱ ኦርጅናል ነው። ቀይ ከፋይ የለበሰ ሣጥን ውስጥ የሚተኛው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ነው አሉ። ሦስቱ በኋላ ዘመን ጣልያን አገር አስመስለው የሠሯቸው። ሁለቱ የሚያብረቀርቁ ጎረምሶች ናቸው፤ ድሮ እሁድ እሁድ ተኩስ ክለብ ይዟቸው ይሄድ ነበር። ሦስተኛው እጀታው ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ምስኪን።

የሣጥኑን በጓንት ያዢ አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። የእጅ ላብ ያበላሸዋል ይላል። ሌሎቹን በባዶ እጅ።

ስሞት አንዱን ትወስጃለሽ፣ መርጠሽ፣ አለኝ ደግሞ። የሚሰጥ ሰው ስሞት አይልም። በልቤ ነው ያልኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 19። ማታ

ሳል። ከቅዳሜ ጀምሮ። ዛሬ ጠዋት ስገባ ከንፈሩ ጠቁሯል። ኬፕታውን ላለው ልጁ ለፓውሎ ደወልኩ። ትኩስ ነገር ስጪው፣ ዝንጅብል ይኖር እንደሆነ አለኝ። ዝንጅብል። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቼ አምቡላንስ ጠራሁ።

ላስቲክ የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። ከኛ ጋር አትገቢም አሉ። መነጽሩን ሰጠኋቸው። ሽ/ው በአልጋው ላይ ሆኖ እጁን አነሳ። ስንብት ይሁን ውሃ መጠየቅ አልለየሁም።

ወደ ሰፈሬ ወደ ሜይፌር የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሁሉም መስኮት ተከፍቷል፣ ሁሉም ሰው አፉን ሸፍኗል። ከዛሬ ጀምሮ መጠጥ ክልክል ነው ብለው አወጁ። አከራዬ ሙኒራ፣ እኔና አንቺ ምን ጎደለብን ብላ ሳቀች። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ጴንጤ።

ራሴን ለይቼ እተኛለሁ። ምግቤን ደጃፍ ታስቀምጥልኛለች። እስካሁን ደህና ነኝ። እኔን በሽታም አይፈልገኝም።

እሁድ፣ ጥር 2

ሞተ። ትናንት ሌሊት። ፓውሎ ዛሬ ከሰዓት ነው የነገረኝ፣ የነገረኝም የቤቱን ቁልፍ ስለፈለገ ነው።

አላለቀስኩም። ሸሚዞቹ ተተኩሰው ተሰቅለዋል፤ ያንን ሳስብ ነው የተናደድኩት።

ዓርብ፣ ጥር 7

ቀብር። ሰው ተወስኗል፣ ቤተሰብ ብቻ አለኝ ፓውሎ። ሄድኩ። መቃብሩ በር ላይ ዘበኛው ወረቀት ያየና ጎጎ፣ አያቴ ማለቱ ነው፣ ስምሽ ዝርዝሩ ላይ የለም ይለኛል። የሟቹን ሱሪ አሥራ አንድ ዓመት ያጠብኩ እኔ ነኝ፣ ዝርዝሩን ማን ጻፈው አልኩት። ሳቀ። አላስገባኝም፣ ግን የራሱን ወንበር ሰጠኝ። ከበሩ ተቀምጬ አየሁ። ሰባት ሰው። ቤተሰቡ ያን ያህል ነው እንግዲህ።

ረቡዕ፣ ጥር 12

ከጠበቃ ደብዳቤ። እንግሊዝኛ። ለማንም አላስነበብኩም። ከትናንት ጠዋት ጀምሬ ዛሬ ምሳ ላይ ጨረስኩ። ሁለት ቃል ብቻ ሙኒራን ጠየቅኩ።

ለምን እንደማላስነብብ አንተ ታውቃለህ፣ ግን ልጻፈው። ባሌ ሲሞት ወንድሙ ሄራሞ ወረቀት አመጣልኝ። የቀብር ወጪ ነው፣ አውራ ጣትሽን አሳርፊ አለኝ። አሳረፍኩ። ቮስሎሩስ ያለውን ሱቃችንን ነበር ያስረከብኩት። እኔ በእጄ መደርደሪያ የመታሁለትን ሱቅ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ የቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ክፍል ገባሁ። አስተማሪዋ ልጄ ልትሆን ትችላለች፣ ሀ ሁ ስታስቆጥረኝ እፍረት ይይዛት ነበር። እኔን አልያዘኝም። እንግሊዝኛውን ከወተት ካርቶንና ከዘይት ጣሳ ላይ ለቀምኩት። ሀዲይኛ አስባለሁ፣ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ በእንግሊዝኛ የሚመጣብኝን አነባለሁ። ከእንግዲህ ጣቴን የሚነካ የለም።

ደብዳቤው የሚለው፦ ከአራቱ ሽጉጦች አንዱን እኔ እመርጣለሁ። የፈለግኩትን። ቀድሜ። የቀሩት ለፓውሎ። ሽ/ው ቃሉን ጠብቋል።

ለጠበቃው ደወልኩ። እኔ የስደተኛ ወረቀት ነው ያለኝ፣ መሣሪያ ያዝሽ ብለው ቢያስሩኝስ አልኩት። ይህ በባሩድ የሚሞላ የጥንት ዓይነት ነው፣ ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ በጽሑፍ እሰጥሻለሁ አለ። በጽሑፍ ሲል ደስ አለኝ።

ምርጫው ቀላል ነው። የሣጥኑን።

ሐሙስ፣ ጥር 13

ወሬ ከኮሮና ይፈጥናል። ሄራሞ ደወለ። ሦስት ዓመት ድምፁን አልሰማሁም። እትዬ ዘነበች እያለ፣ በማር የተቀባ ምላስ። ሱቁ በዚህ ዓመት ሁለቴ ተዘርፏል። የሚተኩሰውን ምረጪ፣ ይዘሽ ነይ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል አጸዳልሻለሁ፣ ቤተሰብ ቤተሰብ ነው አለ። ያረጀውማ ቢተኩሱበት እጅ ላይ ይፈነዳል፣ እትዬ፣ ብረቱ ደክሟል። ምን ይሠራልሻል።

እውነቱን ነው። ኦርጅናሉ ምንም አይሠራም። አዲሶቹ ይተኩሳሉ። የሚጠቅመው አስመሳዩ ነው።

የገዛ ሱቄን በር ልጠብቅልህ ነው ወይ አልኩት። ያለፈው አልፏል አለ። ለሱ አልፏል።

ከሰዓት በኋላ ግን አሰብኩበት። አልዋሽህም። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሥራ የለኝም። ክፍል፣ ሰው፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወንበር። አሰብኩበት፣ ከዚያ ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 15። ማታ

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ፓውሎ ማስኩን ከአፍንጫው በታች አድርጎ ከፈተልኝ። ማማ ብሎ አቀፈኝ ማለት ይቻላል፣ በክርኑ። አራቱን ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ደርድሯል። የሣጥኑን ከሣጥኑ አውጥቶ። ሣጥኑን ደብቆታል። ቀላቅሎ ሊያደናግረኝ። የመሣሪያ ነጋዴ በሚቀጥለው ሳምንት ከፕሪቶሪያ ይመጣል፣ ቶሎ አንዱን ያዢና እንገላገል አለኝ።

መጀመሪያ አጸዳቸዋለሁ አልኩ። አያስፈልግም አለ። ደብዳቤው ትመርጣለች ይላል፣ ትቸኩላለች አይልም አልኩት። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጀመረ።

አንሶላውን አነጠፍኩ። ካቻቢቴ፣ ብሩሽ፣ ዘይት። ጓንቱን ፈለግኩ፣ መሳቢያው ባዶ ነው፣ ፓውሎ ጥሎታል። እንግዲህ በባዶ እጅ። የሣጥኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በባዶ እጄ ያዝኩት።

ጣቴ ነው ቀድሞ ያወቀው። ከአፈሙዙ ሥር፣ እርሳሱን የሚጠቀጥቀው ዘንግ የሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ ትንሽ ጉድጓድ። በዓይን አይታይም። በጥፍር ትታወቃለች። የሆነ ማኅተም በሞረድ ተፍቆ የጠፋበት። ሁለቱን ጎረምሶች ገለበጥኳቸው። እዚያው ቦታ ላይ የጣልያኖቹ ማኅተም አለ።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

እኔ የዕቃ ማለቅ አውቃለሁ። ዕድሜዬን የሰው ቤት ሳጸዳ ነው የኖርኩት። ደረጃ መሐሉ ነው የሚያልቀው። ማንኪያ በአንድ ጎኑ ነው። በር እጅ የሚያርፍበት እንጂ ማጠፊያው አይነጣም። የሣጥኑ ሽጉጥ ግን ሁሉም ቦታ እኩል አልቋል። ጣት በማይደርስበት ስርጉድም ጭምር። ሰው ተቀምጦ በአሸዋ ወረቀት ያስረጀው ነው።

የተሰነጠቀውን አነሳሁ። ምስኪኑን። ማኅተሙ ቦታ ላይ ምንም የለም፣ ጉድጓድም የለም። እጀታው የቀኝ መዳፍ በሚይዝበት በኩል አልቆ ለስልሷል፣ በሌላው በኩል ጥርቡ ገና ይታወቃል። ከበሮው ላይ ያሉት መርከቦች በአንድ ወገን ጠፍተዋል፣ በዚያ ወገን ወገብ ላይ ሲታሽ ኖሯል። በሌላው ወገን ሦስት መርከብ አለ፣ ሸራቸው ሳይቀር። ፈታሁት። ከእያንዳንዱ ክፍል ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ። አንድ በአንድ። ከትልቁ እስከ ትንሿ ሽብልቅ አንድ ቁጥር ነው። የሣጥኑ ሽብልቅ ቁጥር ሌላ፣ የአካሉ ቁጥር ሌላ።

ሽ/ው ዋሽቶኛል። አሥራ አንድ ዓመት። ጓንቱ ለላብ አልነበረም።

ገጣጠምኩ። አልቸኮልኩም። ፓውሎ ቀና ብሎ እሺ፣ የቱን አለ። ዓይኑ የሣጥኑ ላይ ነው፣ እሱን እንዳላነሳ ትንፋሹን ይዟል። ይህን አልኩ፣ የተሰነጠቀውን።

ሳቀ። ክፋት የለውም፣ እፎይ ብሎ ነው የሳቀው። እርግጠኛ ነሽ፣ አንዱን የሚያብረቀርቀውን ብትወስጂ አይሻልም አለ። ይሄ ለእጄ ይስማማኛል አልኩ። አልዋሸሁም።

ወረቀት አዘጋጅቷል። የቀለም ስፖንጅም ይዟል፣ ለጣቴ። አባቱ ሲቀጥረኝ ፊደል አለማወቄን ያስታውሳል። ወረቀቱን አንስቼ አነበብኩ፣ እሱ ሰዓቱን እያየ። «አንድ አምሳያ ሽጉጥ ተረክባለች» ይላል። አምሳያ የሚለውን ሰርዝ፣ እጀታው የተሰነጠቀና በሽቦ የታሰረው፣ ቁጥሩ ይህ፣ ብለህ ጻፍ አልኩት። ምን ልዩነት አለው አለ። ከሌለው ጻፈው አልኩት። ጻፈ። ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ስፖንጁን ክዳኑን ገጠምኩለት።

እሁድ፣ ጥር 16

ሙኒራ አየችው። ሽቦውን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተሽ ፎንግኮንግ ሰጡሽ? አለች። እዚህ አገር ለማንኛውም የውሸት ዕቃ እንዲህ ነው የሚሉት። ኦርጅናሉ ይሄ ነው አልኳት። ሽቦውን ደግማ አየች። ታዲያ ፎንግኮንጉን በሣጥን አስተኝቶ ኦርጅናሉን በሽቦ አስሮ? ምን ዓይነት ሰው ነው?

አላውቅም። ከሌባ ሊደብቀው ይሆናል። ከልጁ ሊሆን ይችላል። ወይም ሰው ሁሉ ሲሞኝ ማየት ደስ ይለው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጓንት ሳጠልቅ ሲያየኝ። ሳቁን ሾርባው ውስጥ እየደበቀ። ላመሰግነው አልችልም። ነገር ግን ምረጪ ብሎ ጽፏል። ሊመርጥልኝ ይችል ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 27

ጠብቄው ነበር። ፓውሎ ደወለ። ነጋዴው ሣጥኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። አባትህ ጥሩ የተሠራ አምሳያ ነበረው፣ ኦርጅናሉ የት አለ ብሎ ጠየቀው።

ጮኸ። አታለልሽኝ፣ ጠበቃ፣ ፖሊስ፣ የስደተኛ ወረቀትሽ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩ። ሲጨርስ፣ ያንተ ፊርማ አለኝ፣ የጻፍከው አንተ፣ ቁጥሩን ያስገባኸው አንተ አልኩት። ጠበቃህን ጠይቅ።

ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ አባቴ ነግሮሽ ነበር? አለ። ለኔ ሣጥኑን እያሳየኝ ላንቺ እውነቱን ነግሮሽ ነበር?

አልመለስኩም። ዝም አልኩ። ዝምታው ጣፈጠኝ፣ ደብተር። አባትህ ለሠራተኛዋ እንጂ ላንተ አልነገረህም ብሎ ያስብ። ይቃጠል። ለዝንጅብሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 29

ሁለቱም ባንድ ቀን። ሄራሞ ጠዋት መጣ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዞ። ገና ሳይቀመጥ ፓውሎ ደጁን አንኳኳ። ሻንጣ ይዟል። አልጋዬ ላይ ከፈተው። ሦስቱ፣ ከነሣጥኑ። ሦስቱን ውሰጂ፣ አንዱን መልሺልኝ አለ።

የሄራሞ ዓይን የሚያብረቀርቁት ላይ ተተከለ። ማይ ፍሬንድ እያለ በኔ ስም መደራደር ጀመረ። ሦስቱ ላይ ባሩዱንም ጨምር። ይተኩሳሉ ወይ? ደህና ይተኩሳሉ አለ ፓውሎ። ሁለቱ ወንዶች በአልጋዬ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እኔ ምድጃው አጠገብ። እትዬ፣ ይሄ ዕድል ነው አለኝ ሄራሞ በአማርኛ፣ ሰውየው ሞኝ ነው፣ ሦስት ለአንድ። ታች ካለው የሙኒራ ሱቅ ገዝቶ መሆን አለበት ብርቱካኑ፣ ላስቲኩን አውቀዋለሁ።

ብርቱካንህን ያዝና ውጣ አልኩት። ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። አንደኛውን ሱቅ ወሰድክ፣ ሁለተኛውን ንግድ ደግሞ እኔ ቤት ልትከፍት ነው? ውጣ። ኮሪደሩ ላይ ሙኒራ ከነመጥረጊያዋ ቆማለች፣ በአጋጣሚ እንዳይመስልህ። ወጣ። ብርቱካኑን ተወው።

ፓውሎ አልወጣም። ሻንጣውን ዘጋ። አልጋዬ ላይ ተቀመጠ፣ ሳይፈቀድለት። ገንዘቡን አይደለም አለ። ልጅ ሆኜ ሣጥኑን ሲከፍትልኝ እጄን ታጥቤ፣ ተንበርክኬ ነበር የማየው። አንድ ጊዜ ብቻ ንገሪኝ፣ መቼ ነው የነገረሽ? ማስኩ ረጥቧል።

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። ነገ ወደ ኬፕታውን ትሄዳለህ? አልኩት። ማክሰኞ አለ። በሩን ከፈትኩለት።

ሰኞ፣ የካቲት 1። ጠዋት

አልተኛሁም። የሚያስጨንቀኝ ፓውሎ አይደለም። ልንገርህ ምን እንደሆነ።

ፓውሎ ሽ/ው ነገራት ይላል። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጌታ ገለጠላት አሉ። ሄራሞ በየሱቁ ነጩ ሳይሞት ሹክ ብሏታል እያለ ነው። ሁሉም የነገረኝ አንድ ወንድ አግኝተዋል። እኔም ሐሙስና ቅዳሜ ፓውሎን ላቃጥል ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝም ስል የራሴን ነገር አሳልፌ ሰጠሁት። ጣቴን እንደገና ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ፣ በገዛ ፈቃዴ።

ማንም አልነገረኝም። በጥፍሬ ነው ያገኘሁት። ቁጥሩን ያነበብኩት እኔ፣ እንጨቱ ወዴት እንዳለቀ ያየሁት እኔ። አባቱ እኔንም ዋሽቶኛል፣ ከሱ የበለጠ፣ በወር አንድ ሐሙስ፣ ዓይኔ እያየ።

ወሰንኩ። ሽጉጡን አልሰጠውም። በሦስት አልለውጠውም፣ በሠላሳም። ለሄራሞ ሱቅ በር አይሆንም፣ ለፕሪቶሪያውም ሰውዬ አላሳየውም። እኔ ጋ ይቆያል፣ ባይተኩስም።

ፓውሎን ግን አሁን ደውዬ ከስምንት ሰዓት በኋላ ና እለዋለሁ። እጁን ይታጠባል። በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ሽጉጤን እፊቱ እፈታዋለሁ፣ የሣጥኑንም ይዞ ይምጣ፣ ጥፍሩን ያቺ ጉድጓድ ላይ አስቀምጥለታለሁ። አባቱ ሁለታችንንም እንዳሞኘን እነግረዋለሁ። ቢቀልለው ይቅለለው፣ ለሱ ብዬ አይደለም። ከዚህ ክፍል ሲወጣ አንድ ነገር አውቆ እንዲወጣ ነው፣ ለማንም ሲያወራ እንዳይሳሳት። ያወቅኩት ራሴ ነኝ።